የሰዓት ሠሪው ሣር

«እኔ የተከልኩት ነገር ሞቶ አያውቅም!»

ይህን ስትል ሰፈር ምድሩ የሰማት ጡሩምባ ናት። ጡሩምባ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ከአክስቷ ችግኝ መሸጫ የሚመላለሱ ሰዎች የለጠፉባት ነው፤ ድምፅዋ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ትምህርት ቤት የቆየችው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። «እኔ አልተውኩትም፣ እሱ ነው የተወኝ» ትላለች ስትጠየቅ። ይሁን እንጂ ስለ ዕፅዋት የተጻፈ ነገር እጇ ከገባ ሳትሸመድድ አትተኛም፤ ከሸመደደች በኋላ ደግሞ ሌላውን አታስተኛም።

አንድ ጠዋት አክስቷ ብስባሽ ልታመጣ ወጣ ባለችበት፣ አንድ ሽማግሌ ባዶ የእጅ ጋሪ እየገፉ መጡ። ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። ከደረት ኪሳቸው ትንሽ የዓይን ማጉያ መስተዋት ብቅ ብሏል። የሰፈሩ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሱቃቸውን ከዘጉ ቆይተዋል፤ መስተዋቱን ግን ከኪሳቸው አላወጡትም።

«እንደምን አደርሽ ልጄ። አክስትሽ የለችም?»

«እንደምን አደሩ አባባ። ወጣ ብላለች፤ እኔ አለሁ፣ እኔ ደግሞ ከሷ አላንስም።»

«የሚነጠፈው ሣር መጥቷል?»

«መጥቷል። ግን ባለፈው የወሰዱት የት ደረሰ?»

«ደረቀ።»

«ከዚያ በፊት የወሰዱትስ?»

«እሱም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አባባ፣ እርስዎ ሣር ነው የሚገዙት ወይስ የሚቀብሩት?»

ሰዓት ሠሪው ቀና ብለው አዩዋት። እንዲህ ያለ አፍ ከዚህች ቀጫጫ ልጅ አልጠበቁም። ቢሆንም የጨዋ ልጅ ናቸውና ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ልጄ፣ ሣር ማጠጣት ይፈልጋል። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ጥፋቱ የቧንቧው እንጂ የሣሩ አይደለም» አሉ።

«የቧንቧውም የሣሩም አይደለም። ይሄ ሣር ዓመቱን ሙሉ ዝናብ የማይለየው አገር ሣር ነው። እዚህ ደግሞ ግማሹን ዓመት ሰማዩ ዓይኑን እንኳ አያርስም። መሬቱ ቀይ ጠጠር ነው። እንግዳ ጠርተው ጾሙን አሳደሩት፣ ምን ያድርግ? ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። እና በሬው እኔ ነኝ?»

ጡሩምባ ትንሽ ደነገጠች፤ ግን ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስም። «እንደሱ ማለቴ አይደለም። የዚህን መሬት ዕፅዋት ይትከሉ ማለቴ ነው። እሬት አለ፣ ቀጋ አለ፣ ክትክታ አለ። ማንም ሳያጠጣቸው እዚያ ኮረብታው ላይ ቆመው ያዩአቸዋል።»

«አያቸዋለሁ። ፍየልም ያያቸዋል።» ሰዓት ሠሪው የጋሪውን እጀታ አጥብቀው ያዙ። «ስሚኝ ልጄ። ቁጥቋጦ ሰው በሌለበት የሚበቅል ነገር ነው። አንድ ቤት ሲፈርስና ባለቤቱ ሲጠፋ ደጁን የሚወርሰው እሬትና እሾህ ነው። የሰው ደጅ የሰው እጅ እንዳለበት መታወቅ አለበት። አረንጓዴ ሣር ያየ ሰው፣ እዚህ ቤት ሰው አለ ይላል። እኔ በቁሜ ደጄን ለኮረብታው አላስረክብም።»

ክርክሩ መልስ የሚያጣ አልነበረም፤ ጡሩምባም አፏን ከፍታ ነበር። ነገር ግን አክስቷ የብስባሹን ጆንያ በትከሻዋ ተሸክማ ከኋላዋ ደረሰችና፣ «አንቺ! እኔ የምሸጠውን ነው የምታራክሺብኝ? ሣሩን ጫኚ! ጋሪውንም እስከ ቤታቸው ትገፊላቸዋለሽ። በመንገድ ላይ አንድ ቃል ብትተነፍሺ ወዮልሽ!» አለቻት።

የሰዓት ሠሪው ቤት መንገዱ አልቆ ኮረብታው የሚጀምርበት ነው። ከበሩ አጠገብ አንድ የውሃ በርሚል ቆሟል። ከበረንዳው ፊት ያለው ደጅ እንደ አሮጌ ብሩሽ ፀጉሩ የተመለጠ ቢጫ ሣር ነው። ልጃቸው ሕፃን አዝላ የልብስ ሳፋ ፊት ተንበርክካለች። ሳፋው ውስጥ አረፋ እንጂ ውሃ የለም።

ልጃቸው በጋሪው ላይ የተጫነውን አዲስ ሣር ስታይ ቀስ ብላ ተነሣችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አባዬ፣ የዛሬው ፈረቃ ቀርቷል። በርሚሉ ትናንት ሙሉ ነበር። የት ሄደ?»

ሰዓት ሠሪው ወደ ሣሩ አዩ።

«ሣሩ ጠጣው» አለች ልጃቸው፣ እሳቸው መልስ እስኪሰጡ ሳትጠብቅ። «የልጁ ጨርቅ ሳይታጠብ ሣሩ ጠጣው። እኔ ካንተ ጋር ጠብ አልፈልግም። ግን ከላይ ሰፈር የሚከራይ ክፍል አይቻለሁ፤ ውሃ የማይቋረጥበት ነው። እስከ ዝናቡ መግቢያ እታገሣለሁ። ከዚያ ወይ ሣሩ፣ ወይ እኛ።»

እንግዳ ፊት የተነገረ ነገር ሁለት ጊዜ ይቆርጣል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከሣሩ መሐል የበቀለች አንዲት ባለ ወፍራም ቅጠል ቡቃያ ነቀሉና ከአጥሩ ውጭ ወረወሯት። «ይሄ አረም እንቢ አለኝ» አሉ ለማንም ሳይሆን። «እነቅለዋለሁ፣ ይመለሳል።»

ጡሩምባ የአክስቷን ትእዛዝ በመንገድ ላይ ጠብቃ ነበር። ቤት ከደረሱ በኋላ ግን ትእዛዙ አልቋል ብላ ተረጎመችው። «እኔ ውሃ የማይፈልግ አትክልት እተክልላችኋለሁ! ደጁም ያምራል፣ በርሚሉም አይጎድልም፣ እትዬም የትም አትሄድም።»

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አለች ልጃቸው።

«ጡሩምባ ይሉኛል።»

«አያንስሽም።»

ልጃቸው ሳፋውን ይዛ ወደ ጓሮ ስትሄድ፣ ሰዓት ሠሪው በረንዳው ደፍ ላይ ተቀመጡ። ጡሩምባ ሳትጠየቅ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ ሽማግሌው፣ ልብስ እንደሚያወልቅ ሰው ቀስ እያሉ፣ መናገር ጀመሩ።

«እናቷ የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች። እላይ አንድ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ነበር፣ ለብዙ ዘመን እዚያ አጠበች። በረንዳው ፊት እንዲህ ያለ ሣር ነበረው። ማታ እጇ ተልጦ ስትመለስ ስለዚያ ሣር ትነግረኝ ነበር። እኔም ሰዓቴ ላይ እንዳቀረቀርኩ፣ 'አይዞሽ፣ አንድ ቀን የራስሽ ሣር ይኖርሻል፤ በረንዳሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ' እላት ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እያልኩ... የሰው ሰዓት ሳስተካክል የራሴ ሰዓት አለፈብኝ።»

«እና አሁን ነው የሚተክሉላት።»

«አሁን ነው። በሕይወት ላለ ሰው የገባሽውን ቃል ብታጥፊ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ለሞተ ሰው የገባሽውንስ ማን ይቅር ይበልሽ?»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። ጡሩምባ ግን ያን ቀን የዝምታን ጥቅም ገና አልተማረችም። «ግን አባባ፣ የገቡላት ቃል ሣሩ ነው ወይስ ያማረ ደጅ? ቃሉ ያማረ ደጅ ከሆነ ሣሩ መንገዱ እንጂ ቤቱ አይደለም። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሰው በሌላ ይዞራል። ከአጥሩ ግንብ ሥር ያለችውን ግማሽ ደጅ ብቻ ይስጡኝ። ካላማረብዎ እኔው ነቅዬ እወስደዋለሁ፤ ሁለተኛም ስለ ሣር አላነሣብዎትም።»

ሰዓት ሠሪው ብዙ አሰቡ። «ሁለተኛ ስለ ሣር የማታነሺ ከሆነስ እሱ ብቻውን ይበቃኛል» አሉና ፈቀዱላት።

በነጋታው ጡሩምባ ዶማዋን ይዛ መጣች። መጀመሪያ ከግንቡ ሥር ያለውን መሬት አጸዳች። ሽማግሌው ይነቅሏት የነበረችው ዓይነት ቡቃያ እዚያ በብዛት ነበረች፤ ሁሉንም እየጎተተች አወጣች። ጥግ ላይ የነበረችው አንዷ ብቻ ጠንከር ብላ፣ እሾህ አውጥታ ስለነበር ጣቷን ወጋቻት። «ኑሪ እንግዲህ፣ ክፉ!» ብላ ትታት ሄደች። ከዚያ ከኮረብታው ላይ ትልልቅ እሬቶችንና አንድ ያደገ የቀጋ ዛፍ ቆፍራ አምጥታ ተከለች። ሲያዩት በእርግጥም ያምር ነበር፤ እንደ ሙሽራ ቤት በአንድ ቀን የተዘጋጀ።

«ታያለሽ እትዬ፣ አንድ ጠብታ አይፈልጉም» አለች ለልጃቸው። «እኔ የተከልኩት...»

«ሞቶ አያውቅም። ሰማን።»

ሞተ።

መጀመሪያ ቀጋው ቅጠሉን አረገፈ። ቀጥሎ እሬቶቹ ከሥራቸው እየለሰለሱ፣ እንደ በሰበሰ ዱባ እየላሙ ወደቁ። ጡሩምባ ልታይ የመጣች ጠዋት መሬቱ ጨቅይቶ አገኘችው። አንድ እሬት ስትነካው እጇ ላይ ቀረ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።

«ማነው ያጠጣው?» ብላ ጮኸች። «ማነው ይሄን ሁሉ ውሃ ያፈሰሰበት? ምንም አይፈልግም አላልኩም?»

ሰዓት ሠሪው የማጠጫ ቆርቆሮአቸውን እንደያዙ ከበርሚሉ ጀርባ ወጡ። ልጃቸው ከመንቃቷ በፊት የሚያደርጉት ነገር ነበር፤ እንደ ሌባ ተይዘው ቆሙ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ለምን? እኔን ውሸታም ለማድረግ ነው?»

«አንቺን አላሰብኩሽም ልጄ።» ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ጠዋት ጠዋት ሳጠጣ አዋራታለሁ። ልጁ ጥርስ አወጣ እላታለሁ። ጉልበቴ አመመኝ እላታለሁ። እጄ ሥራ ሲይዝ አፌ ይፈታል። በባዶ እጅ ቆሞ ከሞተ ሰው ጋር ማውራት ያሳፍራል። ሰው ቢያይ፣ ሽማግሌው ለየለት ይላል። ቆርቆሮ ይዤ ካዩኝ ግን፣ አትክልቱን እያጠጣ ነው ብለው ያልፋሉ።»

ጡሩምባ እጇ ላይ የቀረውን እሬት ከቆርቆሮው አጠገብ አኖረች።

«አንቺ 'ምንም አይፈልግም' ብለሽ አመጣሽልኝ። እንደ ትልቅ ምስጋና ነው የነገርሽኝ። ምንም የማይፈልግ ነገር ለኔ ምን ያደርግልኛል? ሰዓት የሚያስጠግን ሰው የለም፤ ሁሉም ሰዓቱን ስልኩ ላይ ያያል። ልጄ ልትሄድ ነው፤ ብትሄድም እውነት አላት። ጠዋት ስነሣ የሚጠብቀኝ ያ ቢጫ ሣር ብቻ ነው። እየሞተም ቢሆን ይፈልገኛል።»

ወገኖቼ፣ ሰውን ለመለወጥ የምትጣደፉ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ጡሩምባ ያመጣችው ምክር እውነት ነበር። ነገር ግን ምክሩን ያመጣችው ለደጁ እንጂ በደጁ ላይ ለቆመው ሰው አልነበረም። መሬቱ ምን እንደሚያበቅል አውቃለች። ሰውየው ምን እንደሚያስፈልገው አልጠየቀችም። እውነት ያለ ቦታው ሲተከል እሱም ሥር አይሰድድም።

ወደ ችግኝ መሸጫው ስትመለስ አክስቷ ፊቷን አይታ ሁሉን ገባት። «እሬቱን ውሃ ገደለው። ቀጋውንስ ማን ገደለው?» አለቻት።

«እኔ እንጃ።»

«አንቺ። ያደገ ዛፍ በደረቅ ወራት ነቅለሽ፣ ሥሩን ኮረብታው ላይ ትተሽ ቅርንጫፉን ተከልሽ። የአገር ዕፅ እኮ የሚበረታው ሥሩን ገና በልጅነቱ ወደ ታች ስለሰደደ ነው። ያን ዕድል ነፍገሽው ጠንክር ትይዋለሽ? ከዘር ነው የሚጀመረው፣ ወይም ከትንሽ ችግኝ፤ ለዚያውም ዝናብ ሲገባ።»

ጡሩምባ ለጥቂት ቀን ድምፅዋ ጠፋ። ደንበኞች አሞሽ ወይ እያሉ ጠየቋት።

ሰማዩ መጥቆር በጀመረበት ሰሞን፣ የሞቱትን እሬቶች ጠራርጋ ልትወስድ ወደ ሰዓት ሠሪው ቤት ሄደች። ቃሏ ነበርና። በረንዳው ላይ የታሰሩ ሻንጣዎችና የታጠፉ ብርድ ልብሶች ተደርድረዋል። ሰዓት ሠሪው ደፉ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ለዕቃው ሰጥተዋል። ልጃቸው የመጨረሻውን የልጁን ጨርቆች አጥባ የምታሰጣበት አጣች፤ የልብስ ገመዱን ፈትታ ሻንጣ አስራበታለች። ዞር ዞር አለችና፣ ግንቡ ጥግ ወደቀረችው ወደዚያች እሾሃማ ቁጥቋጦ ሄዳ ጨርቁን ዘረጋችባት። እሾሁ እዚህም እዚያም ያዝ ያዝ አደረገው። ነፋስ መጣ፤ ጨርቁ ተነፋ እንጂ አልወደቀም።

ሰዓት ሠሪው ብድግ አሉ።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«እናትሽ... እንዲህ ነበር የምታሰጣው።»

«አዎ። አጋም ላይ» አለች ልጃቸው፣ እጇን ከጨርቁ ሳታነሣ። «ልጅ ሆኜ ወንዝ ይዛኝ ስትወርድ አንሶላውን ሁሉ አጋም ላይ ነበር የምትዘረጋው። 'እሾሁ መቆንጠጫዬ ነው' ትል ነበር። እንዳይቀደድ አድርጎ መጣል ያወቀች እሷ ብቻ ነበረች። ሲያብብ ደግሞ አንሶላው ሽታውን ይዞ ይመጣል። አልጋ ላይ ስንጋደም አበባ ውስጥ የተኛን ይመስለን ነበር።»

«አጋም?» አለች ጡሩምባ። ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ነበር። «ይሄ አጋም ነው?»

«ምን መሰለሽ ታዲያ?»

ጡሩምባ ከአጥሩ ውጭ አየች፤ ጎትታ የጣለቻቸው ቡቃያዎች ደርቀው ተኝተዋል። የአገር ዕፅ ለመትከል የአገር ዕፅ ስትነቅል ውላ ነበር። ሰዓት ሠሪውም ወደዚያው አዩ፤ እሳቸውም ስንቱን ነቅለው ጥለዋል።

«ግን እሷ የወደደችው ሣሩን ነበር» አሉ ሽማግሌው ችክ ብለው። «የዚያን ቤት ሣር። ማታ ማታ ትነግረኝ ነበር።»

ልጃቸው ቀስ ብላ ወደ እሳቸው መጣች። «አባዬ፣ ስትነግርህ እኔም አጠገብ ነበርኩ። ሣሩን እንዳትረግጪ ይሏት እንደነበር ነው የነገረችህ። ሳፋ ተሸክማ ዙሪያውን በጠጠሩ ነበር የምትዞረው። አንድ ቀን ነፋስ አንሶላ ሣሩ ላይ ጥሎባት ልታነሣ ስትገባ ጮኹባት። 'ያን ሁሉ ለምለም ነገር አንድ ጨርቅ እንኳ አያስነኩትም' ብላ አለቀሰች። አንተ ሰዓትህ ላይ አቀርቅረህ ነበር። 'ሣር ይኖርሻል' አልካት። ለአንተ ብላ ሳቀች።»

ከባድ ነገር ነበር። ሰዓት ሠሪው ከኪሳቸው መስተዋቱን አወጡ፤ ሳያደርጉት መልሰው ከተቱት። ዕድሜ ልካቸውን በዚያ መስተዋት ከጥፍር ያነሰ የሰዓት ጥርስ የሚለዩ ሰው፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ያለውን አልለዩም ነበር።

«ይቅር ትበለኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እሺ። አጋሙ የሷ ነው። ገባኝ። ግን እኔስ? እሾህ ነው፤ ራሱን ይችላል። እኔን ምን አድርግ ይለኛል?» አሉ።

ያኔ ጡሩምባ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመናገር ይልቅ ጠየቀች። «አባባ፣ በራሱ የሚሞላ ሰዓት አለ ይባላል። እውነት ነው?»

«አለ። ስንቱን ጠግኛለሁ።»

«እሱስ ሰው አያስፈልገውም ማለት ነው?»

«እንዴት አያስፈልገውም!» ሽማግሌው የሞያ ነገር ሲነሣ ድምፃቸው ጠና። «የሚሞላው እኮ በባለቤቱ ክንድ እንቅስቃሴ ነው። መሳቢያ ውስጥ ከጣሉት ይቆማል። መሙያውን በእጅ አያዙሩለት እንጂ አብሮት የሚውል ሰው ካላገኘማ...»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። የራሳቸውን ቃል ራሳቸው ሰሙት። ጨርቁን የያዘችውን ቁጥቋጦ አዩ። ከዚያ ልጃቸውን።

«አብሮት የሚውል» አሉ ዝግ ብለው።

«እንደሱ ነው አባባ» አለች ጡሩምባ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያኔ ምንም አይፈልግም ያልኩዎት ስሕተት ነው። ችግኙ ሕፃን ሳለ፣ በመጀመሪያው በጋ፣ ትንሽ ትንሽ ውሃ ይፈልጋል፤ በርሚል ሳይሆን በጣሳ። ልጅዎ ልብስ ያለቀለቀችበት ይበቃዋል። ሲያድግ ውሃ መፈለጉን ይተዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መግረዝ አለ፣ ፍሬ መልቀም አለ፣ ዘር ማፍላት አለ። ማዋራትም አለ። መግረዣ መቀስ የያዘን ሰው ማንም ለየለት አይልም።»

ሰዓት ሠሪው ተነሡ። ከበረንዳው ላይ አንዱን ሻንጣ አነሡና፣ ልጃቸው እያየቻቸው፣ ወደ ቤት ውስጥ መልሰው አስገቡት።

«በርሚሉ ያንቺ ነው» አሏት ሲወጡ። «ሣሩ ከዛሬ ጀምሮ የሰማዩን ይጠጣ። ከቻለ።»

ልጃቸው የቀሩትን ሻንጣዎች ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ የልብስ ገመዱን ፈታች።

ሣሩ አልቻለም። ዝናቡ ሲገባ ከኮረብታው የለቀሙትን የአጋም ዘርና የጡሩምባ አክስት የሰጠቻቸውን የክትክታ ችግኝ ግንቡን ተከትለው ተከሉ። እሬትም ተከሉ፤ በዚህ ጊዜ ትንንሹን፣ ጠጠሩ ላይ፣ ውሃ በማይተኛበት። በጋው ሲመጣ ሰዓት ሠሪው ጣሳቸውን ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ ቅጠሉን በመስተዋታቸው ሲመረምሩ ይታዩ ነበር። ሁሉም አልጸደቀም። የጸደቀው ግን በሁለተኛው ክረምት ትከሻ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰፈሩ ሰው ይመሰክራል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከዚያ ደጅ እየተናደ መንገዱን የሚሞላው ቀይ ጭቃ ቆመ፤ ሥሩ አፈሩን ያዘው። አበባው ሲፈነዳ ንብ መጣ፤ ፍሬው ሲጠቁር ወፍ መጣ፤ ከወፍም በላይ የሰፈሩ ልጆች መጡ። የሕፃኑ ጨርቅ፣ ኋላም ሱሪው፣ በአጋሙ ላይ ተሰጣ። ልጃቸው እናቷ ትጥል እንደነበረው አድርጋ መጣል ተማረች፤ እስክትማር ድረስ ግን ሁለት አንሶላ ቀደደች። በተዘጋው የሰዓት ሱቅ መስኮት ላይ ችግኝ የበቀለባቸው ጣሳዎች ተደረደሩ። ድሮ ሰዓት ይዘው ይመጡ የነበሩ ሰዎች አሁን ባዶ ጣሳ ይዘው ይመጣሉ።

አንድ ቀን ጡሩምባ ደጃቸውን ማሳመር የሚፈልጉ አንድ ጎረቤት አስከትላ መጣች። ሰውየው የሚነጠፍ ሣር ሊገዙ መጥተው ነው ከችግኝ መሸጫው ጎትታ ያመጣቻቸው።

«እስቲ ይንገሩኝ» አሉ ጎረቤቱ፣ ቁጥቋጦውን በጥርጣሬ እያዩ። «ጥቅሙ ምንድን ነው? እሾህ እኮ ነው።»

ሰዓት ሠሪው መቀሳቸውን አስቀመጡ። «እኔም እንደርስዎ ነበር የምለው። ሣሩ በነበረ ጊዜ ውሃውን ከልጅ ልጄ ጨርቅ ላይ ነጥቄ ነበር የማጠጣው፤ ልጄንም ሊያሳጣኝ ነበር። ይሄኛው የሚጠጣው የራሱን ድርሻ ነው፣ ሰማይ የላከለትን። መድኃኒት አልረጭበትም፤ ትሉን ወፍ ይለቅምልኛል። አፈሩን ይዞልኛል። ግን ይሄ ሁሉ ትርፍ ነው። ትልቁን ነገር ልንገርዎት? ያ ሣር እንዳልረግጠው እፈራው ነበር። ይሄን ግን እንነካዋለን፣ እንለብሰዋለን፣ እንበላዋለን። ደጅ ማለት ሰው የሚገባበት ነው እንጂ ሰው የሚዞረው አይደለም።»

ጎረቤቱ ግንቡ ጥግ ወዳለው፣ ከሁሉ ወደሚበልጠው አጋም ቀረቡ። የታጠበ አንሶላ ተዘርግቶበታል። ከሥሩ አንድ ወፍ ፍሬ ትለቅማለች። ሰውየው አንሶላውን በእጃቸው ነካ አድርገው ሽታውን ሳቡ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄስ... ያምራል» አሉ። «ይሄን የመሰለ ማን ነው የተከለው?»

ጡሩምባ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ኖራለች። ደረቷን ነፋች፤ ድምፅዋ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ።

«አልኩዎት እኮ አባባ! እኔ የተከልኩት ነገር ሞቶ...»

«ያንቺ ሞቷል» አሉ ሰዓት ሠሪው፣ መቀሳቸውን እያነሡ። «ይሄን የተከለችው ወፍ ናት። እሷ ደግሞ ስትፎክር ሰምተናት አናውቅም።»